ኮምፒውተሮቻችን ለምን እንቅልፍ አጡ?

መቼም ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ላፕቶፓችሁን ከድናችሁ ቦርሳ ውስጥ ትከቱታላችሁ፤ ቤት ደርሳችሁ ስታወጡት እንደ ምጣድ ግሏል፣ ባትሪውም ተሟጧል። ወይም ዴስክቶፑን አስተኝታችሁ ጋደም ስትሉ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ማንም ሳይነካው ብድግ ብሎ ክፍሉን በብርሃን ይሞላዋል። ወይም ጭራሽ አልተኛም ይላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተኝቶ አልነቃም የሚለው ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፋኑ ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ያኔ ማብሪያውን ተጭኖ በግድ ከማጥፋት በቀር አማራጭ የለም፤ ‹ሴቭ› ያልተደረገው ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የሚወስደው መፍትሔ አንድ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ይገባል፣ ‹ስሊፕ› ከሚለው ፊት ለፊት ‹ኔቨር› የምትለዋን ይመርጣል፣ ይወጣል። አይተኛ! በቃ!

ለመሆኑ ይህቺ ‹ኔቨር› ከየት መጣች? እንዴትስ ሆኖ ነው ሰላሳ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተርን ለማስተኛት የተደከመው ድካም መጨረሻው እሷ ላይ የሆነው? የዚህ ጽሑፍ መልስ አጭር ነው፤ ኮምፒውተርን ማስተኛት የቴክኖሎጂ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም፣ የእምነት ጉዳይ ነው። ሰው በሰላም እንደሚነቃ የማያምነውን ማሽን አያስተኛም። ታሪኩን ከሥሩ እንየው። (‹ዓ.ም.› ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የተኛው ስክሪኑ ነው

በ1980ዎቹ የነበሩት ሞኒተሮች እንደ ድሮው ቴሌቪዥን ሆዳቸው ወደ ኋላ የገፋ ነበሩ። የመስተዋቱ ውስጠኛ ገጽ ፎስፈር በሚባል ነገር የተቀባ ሲሆን፣ ምስሉ የሚታየው ይህ ቅብ በኤሌክትሮን ጨረር ሲመታ እያበራ ነው። ችግሩ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ቅቡ እዚያ ቦታ ላይ መድከሙ ነው። ኮምፒውተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ የጽሑፉ ጥላ መስተዋቱ ላይ ታትሞ ይቀራል።

በዲሴምበር 1983 ጆን ሶቻ የተባለ ፕሮግራመር ‹ሶፍቶክ› በተባለ መጽሔት ላይ ለዚህ መላ አወጣ። ለአይቢኤም ፒሲ የጻፈው አጭር ፕሮግራም ሦስት ደቂቃ ሙሉ ማንም ሳይነካው የቆየን ስክሪን ያጨልመዋል፤ ቁልፍ ሲነካ ይመልሰዋል። ልብ በሉ፣ ዓላማው መስተዋቱን ማዳን እንጂ ኤሌክትሪክ መቆጠብ አልነበረም። ‹ስክሪን ሴቨር› የሚለው ስምም ከዚያው የመጣ ነው።

ሰው ግን ጨለማ ስክሪን አይወድም። በ1989 በርክሌይ ሲስተምስ የተባለ ኩባንያ ‹አፍተር ዳርክ› የሚባለውን ፕሮግራም ይዞ ብቅ አለ፤ ክንፍ አውጥተው የሚበሩ የዳቦ መጥበሻዎች ስክሪኑን ሞሉት። ዓለም ወደደው። ስክሪኑን ለማሳረፍ የተፈለሰፈ ነገር፣ ስክሪኑ እንዳያርፍ የሚያደርግ ጌጥ ሆነና አረፈው። ሠራተኛው ቤቱ ገብቶ ሲተኛ ዳቦ መጥበሻዎቹ ባዶ ቢሮ ውስጥ ሲበሩ ያድሩ ነበር።

ተለጣፊዋ

በ1992 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ‹ኤነርጂ ስታር› የሚባለውን ፕሮግራም ጀመረ። መጀመሪያ ምልክቱን የተቀበሉት ዕቃዎች ፍሪጅ ወይም አምፖል አልነበሩም፤ ኮምፒውተርና ሞኒተር ነበሩ። መስፈርቱም ቀላል ነበር፤ ሥራ ሲፈታ ከ30 ዋት በላይ ወደማይወስድ ሁኔታ የሚወርድ ኮምፒውተር ተለጣፊዋን ያገኛል። ሕግ ስላልሆነ ያልፈለገ አምራች አይገደድም።

ታዲያ አምራቹን ማን ያስፈልገው? ደንበኛው። በኤፕሪል 1993 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚገዟቸው ኮምፒውተሮች የኤነርጂ ስታርን መስፈርት ያሟሉ እንዲሆኑ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። የአሜሪካ መንግሥትን የመሰለ ደንበኛ ማጣት የሚፈልግ ኩባንያ ስለሌለ ተለጣፊዋ ብዙም ሳይቆይ የተለመደች ሆነች።

በዚያው በ1993 ቪሳ የተባለው የቪዲዮ ስታንዳርድ አውጪ ማኅበር (ከባንክ ካርዱ ጋር ስም ከመመሳሰሉ በቀር አይገናኝም) ኮምፒውተሩ ሞኒተሩን ‹ተኛ› የሚልበትን ቋንቋ ወሰነ። አዲስ ገመድ አላስፈለገም፤ ምስሉን የሚያስተካክሉት ሁለት ምልክቶች አንዱ ወይም ሁለቱም ሲቋረጡ ሞኒተሩ ራሱ ገብቶት ይተኛል። ቀላል፣ ርካሽ፣ አስተማማኝ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለት አባወራ በአንድ ቤት

ሞኒተሩን ማስተኛት ቀላል ነው፤ ምንም የሚረሳው ነገር የለውምና። ሣጥኑን ማስተኛት ግን ሌላ ነው። እዚያ ውስጥ ያልተጨረሰ ደብዳቤ፣ የተከፈተ ፋይል፣ ከኔትወርክ ጋር የተጀመረ ወሬ አለ።

መጀመሪያ የተጨነቁበት የላፕቶፕ ሠሪዎች ናቸው፤ የባትሪ ጉዳይ ነዋ! ኢንቴል በ1990 ያወጣው ‹386ኤስኤል› የተባለ ፕሮሰሰር ድብቅ በር ነበረው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ የሚነሳው፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ፕሮግራም) በዚያ በር ገብቶ ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ ማስቆም፣ ዕቃዎችን ማጥፋትና መመለስ ይችላል፤ ዊንዶውሱ ወይም ዶሱ ምንም ሳያውቅ። ባለቤቱ ሳያውቅ ዘበኛው የቤቱን መብራት እንደሚያጠፋ ዓይነት ማለት ነው።

በ1992 ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ዘበኛውንና ባለቤቱን ለማነጋገር ‹ኤፒኤም› የተባለ ስምምነት አወጡ። አሁን ዊንዶውስ ባዮሱን ‹ምን አዲስ ነገር አለ?› እያለ ይጠይቃል፤ ባዮሱም ‹ልናስተኛው ነው› ይለዋል። ቁልፉ ግን አሁንም በአብዛኛው ባዮሱ እጅ ነው። ባዮሱ ደግሞ ሰውየው የሚያነብበት ይሁን የሄደ አያውቅም፤ የሚያየው ኪቦርድና ማውዝ መነካታቸውን ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በሥራ መሐል ይተኛል። እያንዳንዱ አምራችም የየራሱን ባዮስ በየራሱ መንገድ ስለሚጽፈው፣ አንዱ ላይ የሚሠራው ሌላው ላይ አይሠራም። ባዮሱም ዊንዶውሱም የየራሳቸው የሰዓት ቆጣሪ ነበራቸው፤ አንዱን ስታጠፉት ሌላው ያስተኛዋል። ‹ኔቨር› የምትለው ልማድ የተወለደችው እዚህ ዘመን ላይ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ቁልፉ ወደ ዊንዶውስ ሲዞር

በዲሴምበር 1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ‹ኤሲፒአይ› የተባለውን አዲስ ስምምነት ይፋ አደረጉ። ሐሳቡ አብዮት ነበር። ከእንግዲህ መቼ እንደሚተኛ የሚወስነው ባዮሱ ሳይሆን ሰውየው የሚሠራበት ሲስተም ነው፤ ባዮሱ ‹እኔ ቤት ያሉት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፣ እንዲህ ይጠፋሉ፣ እንዲህ ይበራሉ› የሚል ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ ያስረክባል።

ዛሬም የምንጠቀምባቸው የእንቅልፍ ደረጃዎች ከዚያ የመጡ ናቸው። ‹ኤስ-3› የሚባለው ተራው እንቅልፍ ነው፤ ፕሮሰሰሩም ዲስኩም ፋኑም ይጠፋሉ፣ ሚሞሪው ብቻ በጥቂት ኤሌክትሪክ ሥራችሁን ይዞ ይጠብቃል። ‹ኤስ-4› ሃይበርኔት ነው፤ ሚሞሪው ላይ ያለው ሁሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ተጽፎ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። ‹ኤስ-5› ማጥፋት ነው።

በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን ኮምፒውተር ተኝቶ እንዲነቃ ውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ (ስክሪን ካርዱ፣ ድምፁ፣ ኔትወርኩ) ከመተኛቱ በፊት የነበረበትን አስታውሶ በተራው መነሳት አለበት። ከመካከላቸው የአንዷ ‹ድራይቨር› በደንብ ካልተጻፈች ቤቱ በሙሉ ሳይነሳ ይቀራል። ጥቁሩ ስክሪን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ፖለቲካም አልጠፋም። በጃንዋሪ 1999 ቢል ጌትስ ለባልደረቦቹ የጻፈው ኢሜይል፣ በኋላ በአሜሪካዋ አይዋ ግዛት በማይክሮሶፍት ላይ በተመሠረተ ክስ ማስረጃ ሆኖ ቀርቦ ለሕዝብ ታይቷል። ጌትስ በኢሜይሉ የኤሲፒአይን ተጨማሪዎች በሆነ መንገድ ለዊንዶውስ ብቻ የሚስማሙ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቃል፤ ያስከፋው እነሱ በደከሙበት ሊኑክስ በነፃ መጠቀሙ ነው። ስምምነቱ ክፍት እንደሆነ ቀጠለ፣ በ2013ም ‹ዩኢኤፍአይ ፎረም› ለተባለው ማኅበር ተላለፈ። ግን ብዙ አምራቾች ማሽናቸውን የሚፈትሹት በዊንዶውስ ብቻ ስለነበር ሊኑክስ አስቂኝ ዘዴ ለመዘየድ ተገደደ፤ ባዮሱ ‹አንተ ማነህ?› ብሎ ሲጠይቀው ‹ዊንዶውስ ነኝ› ብሎ ይመልሳል። እንቅልፍ ለማግኘት ስም መቀየር ማለት ይህ ነው።

ማታ ማታ የተደረገው ቆጠራ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ቀላል ግን ብልህ ነገር አደረጉ። ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ የትኛው ዕቃ በርቷል፣ የትኛው ጠፍቷል፣ የትኛው ተኝቷል ብለው ቆጠሩ። ሞኒተሮቹ በብዛት ተኝተው ተገኙ። ሣጥኖቹ ግን አብዛኞቹ ነቅተው ነበር።

ሞኒተሩም ሣጥኑም አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ባለቤታቸው አንድ ሰው ነው። ተለጣፊዋም ሁለቱም ላይ አለች። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሞኒተሩ ተኝቶ አለመነሳትን አያውቅም። ማውዙን ስትነኩት ይመለሳል፣ ምንም አይጠፋም፤ ስለዚህ ማንም ‹ኔቨር› አላለውም። ሣጥኑ ግን አንድ ቀን ጉድ ሠርቷል፣ ወይም ጉድ እንደሚሠራ ተወርቷል። ቴክኖሎጂው በሁለቱም ዘንድ ነበረ። እምነት የነበረው በአንዱ ብቻ ነው።

ዋጋውን ማስላት ከባድ አይደለም። ሥራ ፈትቶ 60 ዋት የሚበላ ዴስክቶፕ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ነቅቶ ቢያድር 840 ዋት-ሰዓት ያቃጥላል። ሃያ ኮምፒውተር ያለው ቢሮ በአንድ ሌሊት 16.8 ኪሎዋት-ሰዓት ለማንም ሳይሠራ ይከፍላል ማለት ነው። ተራ እንቅልፍ ላይ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ማሽን የሚወስደው ጥቂት ዋት ብቻ ነው።

ቪስታ፣ መብራትና ሁለቱ ባላዎች

ማይክሮሶፍት ችግሩን በደንብ የተረዳው በቪስታ ጊዜ ነው። እስከ ኤክስፒ ድረስ ማንኛውም ፕሮግራም ‹አልተኛም› ብሎ ድምፅ የመስጠት መብት ነበረው። ላፕቶፑን ከድናችሁ ስትሄዱ አንዱ ፕሮግራም እምቢ ካለ ማሽኑ ቦርሳ ውስጥ ሲጋገር ይውላል። በጃንዋሪ 2007 ለገበያ የቀረበው ቪስታ ይህን መብት ነጠቃቸው፤ ባለቤቱ ተኛ ካለ ይተኛል። ‹ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ› ይባላል፤ ለጊዜውም ቢሆን አጥሩ ተጠበቀ።

ግን በሌላ በኩል አበላሹት። ቪስታ ሊወጣ ሲል በኖቬምበር 2006 ጆኤል ስፖልስኪ የተባለ የታወቀ የሶፍትዌር ጸሐፊ፣ ከኮምፒውተሩ ለመነሳት ብቻ ሜኑው 9 አማራጭ ያቀርባል ብሎ ተሳለቀ። በዚያ ሜኑ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ የቀድሞ የማይክሮሶፍት ፕሮግራመር በጽሑፍ መልስ ሰጠ፤ በዚህች ትንሽ ሜኑ ላይ አስተያየት የመስጠት ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች 43 ይደርሱ እንደነበር ቆጥሮ። ሁሉም ሐሳቡን ጨመረ፣ ተጠቃሚው ግራ ተጋባ። ግራ የተጋባ ሰው ደግሞ አያምንም።

ቪስታ ያመጣውና እኛን በቀጥታ የሚመለከተን ነገር ግን ሌላ ነው። ተራው እንቅልፍ አንድ ጠላት አለው፤ እሱም መብራት መሄድ ነው። ሚሞሪው ኤሌክትሪክ ከተቋረጠበት የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው አይሰጋም፤ ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ግን ወዮለት። ግድቦች ውኃ አንሷቸው መብራት በፈረቃ የሆነበትን የ2011 ዓ.ም. ግንቦት ያየ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። እዚህ አገር ዴስክቶፕን ‹ኔቨር› ላይ ያደረገ ሰው ስንፍና ሳይሆን ምክንያት አለው።

ቪስታ ለዚህ ‹ሃይብሪድ ስሊፕ› የሚባለውን አመጣ። ኮምፒውተሩ ሲተኛ ሥራችሁን ሚሞሪው ላይም ይይዘዋል፣ ሃርድ ዲስክ ላይም ይጽፈዋል። መብራት ካልሄደ ቶሎ ከሚሞሪው ይነሳል፤ ከሄደ ቀስ ብሎ ከዲስኩ ይነሳል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል እንደሚባለው ነው።

ተኝቶ የማይተኛ

ከዚያ ስማርትፎንና ታብሌት መጡና ሁሉን ቀየሩት። ስልክ ስክሪኑ ሲጠፋ አይተኛም፤ ዓይኑን ጨፍኖ መልእክት ይጠብቃል። ኮምፒውተሩም እንዲህ ይሁን ተባለ። በ2012 ዊንዶውስ 8 ‹ኮኔክትድ ስታንድባይ›ን ይዞ መጣ፤ ከ2015 ጀምሮ በዊንዶውስ 10 ‹ሞደርን ስታንድባይ› ተባለ። ክዳኑን ስትዘጉት ማሽኑ በትክክል አይተኛም። በጣም በዝግታ እየሠራ ይቆያል፤ ሜይል ይቀበላል፣ አፕዴት ያወርዳል፣ ሲከፈትም ወዲያው ይነሳል።

ሁሉም ነገር በሥርዓት ከሄደ ግሩም ነው። ግን አንድ ፕሮግራም ወይም አንድ ድራይቨር ዝም አልል ካለ፣ የተከደነው ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ሥራ ይጀምራል። በቪስታ ዘመን የተዘጋው በር በሌላ በኩል ተከፈተ። ይባስ ብሎ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ተራውን እንቅልፍ፣ ያንን ‹ኤስ-3›ን፣ ከናካቴው አውጥተውታል፤ ብትፈልጉትም አታገኙትም። ባለቤቱን የጠየቀው የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ታሪኩን ያወቀ ሰው ኮምፒውተሩ እንቅልፍ ሲያጣ ‹ቁልፉን አሁን የያዘው ማን ነው?› ብሎ ይጠይቃል። ዊንዶውስ ለዚህ መልስ አለው። ‹ኮማንድ ፕሮምፕት›ን እንደ አድሚኒስትሬተር ክፈቱና ‹ፓወር› ከሚለው ቃል ጋር ሲ፣ ኤፍ እና ጂ የሚሉትን ሦስት ፊደሎች አያይዛችሁ ጻፉ። ቀጥሎ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ከዚያ ጥያቄያችሁን።

‹ኤ› የምትለዋን ፊደል ብትጨምሩ ማሽናችሁ የትኞቹን የእንቅልፍ ደረጃዎች እንደሚያውቅ ይነግራችኋል። ‹ሪኩዌስትስ› ብትሉት አሁን እንዳይተኛ የያዘውን ፕሮግራም በስሙ ይጠራል። ‹ላስትዌክ› ብትሉት መጨረሻ ላይ ማን እንደቀሰቀሰው ይናገራል። ቀስቃሹ ብዙ ጊዜ ማውዝ ወይም የኔትወርክ ካርድ ነው፤ ‹ዲቫይስ ማኔጀር› ውስጥ ገብታችሁ ኮምፒውተሩን የመቀስቀስ ፈቃዱን ንጠቁት። ሌሊት ለአፕዴት የሚነሳ ከሆነ ‹ዌክ ታይመርስ› የሚለውን ዝጉ። ተኝቶ የማይነሳ ከሆነ የስክሪን ካርዱን ድራይቨርና ባዮሱን አድሱ። ላፕቶፓችሁ ያ አዲሱ ተኝቶ የማይተኛ ዓይነት ከሆነ ክዳኑ ሲዘጋ ሃይበርኔት እንዲያደርግ እዘዙት፤ ሲነሳ ጥቂት ሰኮንዶች ይዘገያል፣ ቦርሳችሁ ግን አይግልም። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ ‹ሃይብሪድ ስሊፕ› ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በአንድ ቀን እምነት አይመጣም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ትልቅ ሥራ ክፍት ሳታደርጉ፣ አንድ ባዶ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጽፋችሁ አስተኙት። ዴስክቶፕ ከሆነና ሃይብሪዱን ከከፈታችሁለት፣ በደንብ መተኛቱን ካያችሁ በኋላ ሶኬቱን ንቀሉትና ከደቂቃ በኋላ መልሳችሁ ሰክታችሁ አብሩት። ሁለቱ መስመሮች ተመልሰው ከመጡ ‹ኔቨር› የምትለዋን አንሱና በቦታዋ 20 ደቂቃ አድርጉ።